አንድ ስም፣ አራት ተጫዋች፦ አካውንት መጋራትን ለደገፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን በጌመሮች የቴሌግራም ቻናሎች ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ብዙ ሰው «ልክ ነው» እያለ ስላጋራው ዝም ብሎ ማለፍ አልተቻለም። ሐሳቡ ሲጠቃለል አምስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ኤክስፒ (በመጫወት የሚገኝ፣ ሌቭል የሚያሳድግ የልምድ ነጥብ) ለመሰብሰብ ሰዓታትን ማፍሰስ፣ ማለትም ግራይንድ፣ ከሁሉ የተሻለ ፍትሐዊ መለኪያ ነው፤ ቀን ለሁሉም 24 ሰዓት ነውና። ሁለተኛ፣ ሦስት አራት ጓደኛሞች አንድ አካውንት በፈረቃ ቢጫወቱ ሰዓቱን የተጫወተው ሰው እንጂ ቦት፣ ማለትም በራሱ የሚጫወት ፕሮግራም፣ ስላልሆነ የሚጎዳ የለም። ሦስተኛ፣ አካውንቱ በገንዘብ የተገዛ ንብረት ስለሆነ ባለቤቱ ለፈለገው ይሰጠዋል። አራተኛ፣ ክልከላው የሚያርፈው አንድ ስልክ ለቤተሰብ በሚጋራው ድሃ ላይ ነው፤ ኩባንያዎቹ ራሳቸው ሌቭል እየሸጡ ሌላውን መቅጣታቸው ደግሞ ግብዝነት ነው። አምስተኛ፣ የቀረው አማራጭ የሰዓት ገደብ ብቻ ነው፤ እሱም ተሞክሮ ወድቋል።

ጽሑፉ በደንብ የተጻፈ ነው፤ አንዳንዱ ነጥብም ትክክል ነው። ስህተቱ የሚጀምረው ግን አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ ስላለፈ ይመስለኛል፦ የተሰበሰበው ኤክስፒ የሚገዛው ምንድን ነው? ቆሞ የሚጠብቅ ቁጥር ነው ወይስ ሌላ ሰው ሊይዘው የነበረ ቦታ? መልሱ እንደየጌሙ ይለያያል። የግራይንድ ፍትሐዊነትም፣ አካውንት የመጋራት ጉዳትም የሚወሰነው በዚሁ ነው።

«24 ሰዓት ለሁሉም እኩል ነው»

ሥራ ውሎ የሚመጣና ቀኑን ሙሉ ነፃ የሆነ ሰው እኩል ሰዓት እንደሌላቸው ጸሐፊውም አይክዱም፤ «ምርጫው የራስ ነው» ብለው ያልፉታል። እሺ፣ እኔም ልለፈው። የማላልፈው ግራይንድ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው ብለው መነሳታቸውን ነው።

እሳቸው በምሳሌነት ያነሱት ሩንስኬፕ የተባለውን የኦንላይን ጌም ነው። በዚያ ጌም በአንድ ሙያ 99ኛ ሌቭል ለመድረስ 13,034,431 ኤክስፒ ያስፈልጋል። ሌቭሉ ከፍ ባለ ቁጥር የሚጠየቀው ስለሚበዛ 92ኛ ሌቭል ላይ ያለ ሰው ገና 6,517,253 ነው የያዘው፤ ግማሽ መንገድ መሆኑ ነው። በሰዓት 60,000 ኤክስፒ የሚያስገኝ ዘዴ ለሚከተል ተጫዋች ጠቅላላው 217 ሰዓት ገደማ ይሆናል። በቀን 4 ሰዓት የሚጫወት ከሁለት ወር ባነሰ ጊዜ ይጨርሳል፤ በቀን 1 ሰዓት ብቻ ያለው ሰባት ወር ይፈጅበታል። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ሆኖም የፊተኛው ቀድሞ ስለደረሰ የኋለኛው 99 አይርቅበትም። አንድ ሳምንት ባይገባም ያጠራቀመው አይቀነስበትም። እንዲህ ባለው ቦታ የጸሐፊው ክርክር ይሠራል፣ እስማማለሁ።

አሁን ደግሞ በ2005 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ወደ ወርልድ ኦቭ ዋርክራፍት ጌም የገባውንና በ2019 የድሮው ቅጂ በሚጫወትባቸው ክላሲክ ሰርቨሮች ላይ የተመለሰውን የክብር ማዕረግ እንመልከት። ማዕረጎቹ 14 ናቸው። በዚያ ሥርዓት ነጥቡ የሚሰላው በሳምንት አንድ ጊዜ ነበር፤ የሚሰላውም አንተ ስንት እንዳገኘህ በመቁጠር ሳይሆን በዚያ ሰርቨር ከራስህ ወገን ተጫዋቾች ስንተኛ እንደሆንክ በማየት ነበር። የላይኛው ምድብ የሚይዘው 0.3 በመቶውን ብቻ ነበር፤ 1,000 ሰው በተሳተፈበት ሳምንት 3 ሰው ማለት ነው። አንደኛ የወጣው ቢበዛ 13,000 ነጥብ ያገኝ ነበር። በየሳምንቱ ደግሞ ካጠራቀምከው 20 በመቶ ይቀነስ ነበር። የመጨረሻው ማዕረግ የሚጠይቀው 60,000 ነበር።

ስሌቱን እንሥራው። በየሳምንቱ 13,000 የሚያገኝ ሰው ጣሪያው 65,000 ነው፤ እዚያ ሲደርስ የሚቀነስበት አንድ አምስተኛ ራሱ 13,000 ስለሚሆን። ከዜሮ ተነስቶ 60,000ን የሚያልፈው በ12ኛው ሳምንት ነው፤ አንድም ሳምንት ሳይደክም። በየሳምንቱ 10,000 የሚያገኘውስ? ጣሪያው 50,000 ነው። ለአሥር ዓመት ቢጫወት 60,000ን አያያትም። ይህ ሰው ሰነፍ አይደለም፤ በየሳምንቱ ከብዙዎቹ በላይ ሆኖ ነው የሚጨርሰው። ግን እዚህ ሰዓት ማፍሰስ መንገድ መግፋት ሳይሆን ጨረታ ነው፤ አንዱ ሲጨምር ሌላው ይወርዳል። «ዘግይቶም ቢሆን ይደርሳል» የሚለው ማጽናኛ እዚህ ውሃ ወቀጣ ነው።

እኛ አገር ብዙ ሰው የሚያውቀው ፐብጂ ሞባይል ሁለቱንም በአንድ ጌም ውስጥ ይዟል። ከኮንከረር፣ ማለትም ከከፍተኛው ደረጃ፣ በታች ያሉት ደረጃዎች ነጥቡን ለሞላ ሁሉ ክፍት ናቸው። ኮንከረር ግን በሰርቨሩ ከመጀመሪያዎቹ 500 ውስጥ መገኘትን ይጠይቃል። ዳይመንድ ላይ ያለ ልጅ የማንንም ቦታ አልወሰደም፤ 500ኛው ኮንከረር ግን 501ኛውን አስወጥቶ ነው የገባው።

«ሰው ነው የተጫወተው፣ ማንም አልተጎዳም»

ጽሑፉን ያስወደደው ይህ ክፍል ይመስለኛል፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ።

በመጀመሪያ የምተወውን ልተው። የሚሰበሰበው ኤክስፒ ቆሞ የሚጠብቅ ቁጥር ከሆነ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ጓደኛህ ተኝተህ ሳለ በሩንስኬፕ አካውንትህ ገብቶ ዓሣ ቢያበስልልህና 99 ላይ ቢያደርስህ ሌላው ተጫዋች የሚያጣው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አካውንቱ ሌት ተቀን የሚያመርተው ዕቃ ገበያ ላይ ወጥቶ ዋጋ ያወርዳል፤ በይፋዊው የደረጃ ሰንጠረዥ ላይም ስምህ የማይገባህ ቦታ ይቀመጣል። ከዚያ በላይ ላጋንነው አልፈልግም።

በጨረታው ዓይነት ግራይንድ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። በቀን 10 ሰዓት የሚጫወት፣ ሥራም ትምህርትም የሌለው ሰው 70 ሰዓት ይሞላል። አራት ሰው በፈረቃ የሚገባበት አካውንት ወደ 168 ሊጠጋ ይችላል፤ እያንዳንዱ ሰው ግን በቀን 6 ሰዓት ብቻ ነው የተጫወተው። ያ ብቻውን 70 ሰዓት የለፋው ሰው የተሸነፈው ከእሱ በበለጠ ሰው ሳይሆን በአንድ ስም በተደበቁ አራት ሰዎች ነው። ቀጥሎ የሚመጣውም የታወቀ ነው፦ እሱም ፓስዎርዱን ለጓደኞቹ ይሰጣል ወይም ይተዋል። በዋርክራፍት ማዕረግ ላይ አካውንት መጋራት የተለመደው ከላይ ያየነው ስሌት ስለሚገፋ ነው፤ አንድ ሰው እየተኛ የሚያሸንፍበት መንገድ ጠባብ ነበር።

ጸሐፊው ፈረቃውን ከዱላ ቅብብል ጋር ያመሳስሉታል። በዱላ ቅብብል ግን የአራቱም ሯጮች ስም ይመዘገባል፤ ከጎን ያለው ቡድንም አራት ነው። አብሮ መልፋት የሚፈልግ ካለ ጌሞች ራሳቸው መንገድ ከፍተዋል። ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ በጥቅምት 2021 እ.ኤ.አ. ከ2 እስከ 5 ሰው የሚሆን ቡድን በጋራ ዕቃ ማስቀመጫ የሚጫወትበትን የቡድን አይረንማን ጀመረ። እያንዳንዱ በራሱ አካውንት ይገባል፤ ደረጃቸው የሚወጣውም በቡድን መጠን በተለየ ሰንጠረዥ ነው፤ አምስት ሰው ከአምስት ሰው ጋር ይወዳደራል። ቅብብል ማለት እንዲህ ነው።

ከኤክስፒ ወጥተን ወደ ራንክ (በማሸነፍና በመሸነፍ ወደሚወሰን ደረጃ) ስንገባ ጉዳቱ በቁጥር ይታያል። ጸሐፊው «ጎበዝ ጓደኛዬ ራንኬን ቢያሳድግልኝ ራሱ ጌሙ መልሶ ያወርደኛል፣ ስለዚህ ስህተቱ ራሱን ያርማል» ይላሉ። እውነት ነው፣ ያወርዳል። ጥያቄው በስንት ጨዋታና በማን ወጪ የሚለው ነው። የተጫዋቾችን ብቃት በነጥብ በሚለካው የኢሎ ቀመር 400 ነጥብ የሚበልጠውን ሰው አንድ ለአንድ የሚገጥም ከ11 ጨዋታ አንዱን ያህል ያሸንፋል፤ በዚህ ዓይነቱ ግጥሚያ እርማቱ ፈጣን ነው። አምስት ለአምስት ሲሆን ግን ያው 400 ለአምስት ይካፈላል። ሌሎቹ ዘጠኙ በትክክለኛ ደረጃቸው ላይ ናቸው እንበል፤ የተጋነነው አካውንት ያለበት ቡድን አማካይ በ80 ብቻ ዝቅ ይላል፤ የማሸነፍ ዕድሉም 39 በመቶ ገደማ ይሆናል። በአንድ ጨዋታ የሚንቀሳቀሰው ነጥብ ቢበዛ 20 ከሆነ አካውንቱ በአማካይ የሚያጣው በጨዋታ ከ2 ነጥብ ትንሽ በለጥ ያለ ነው። ልዩነቱ ባነሰ ቁጥር እርማቱም ይዘገያል፤ ከ400ው ግማሹ እንኳ እስኪወርድ 120 ጨዋታ ያህል ይፈጃል። በእያንዳንዱ ጨዋታ አራት ጓዶች አሉ። 480 ጊዜ አንድ የማያውቀው ሰው የሌላውን ራንክ ዕዳ ተሸክሞ ገባ ማለት ነው። ይህም ጎበዙ ጓደኛ ወደ ላይ ሲወጣ በመንገዱ የደቆሳቸውን ሳንቆጥር ነው።

ደቡብ ኮሪያ ነገሩን እስከ ሕግ አድርሳዋለች። በታኅሣሥ 2018 ፓርላማው ያጸደቀውና በሰኔ 2019 ሥራ ላይ የዋለው ማሻሻያ በክፍያ የሌላውን ራንክ ማሳደግን ሙያ ያደረገ ሰው እስከ 2 ዓመት እስር ወይም እስከ 20 ሚሊዮን ዎን መቀጮ እንዲያገኘው ያደርጋል። ለእኔ እስር ከልክ ያለፈ ነው። ጉዳቱ ግን በሐሳብ ብቻ የተፈጠረ አልነበረም።

«አካውንቱ ንብረቴ ነው»

በአብዛኛዎቹ ውሎች መሠረት አይደለም፤ የተሰጠህ የመጠቀም ፈቃድ ነው፣ የሚታገደውም በኩባንያው ውሳኔ ነው። ይህ ለተጫዋች ፍትሐዊ ነው ወይ ቢባል እኔም ቅሬታ አለኝ። ነገር ግን የሕጉን ክርክር ትተን በተግባር የሚሆነውን ብቻ ብናይ፣ የተጋራ አካውንት ንብረት የመሆን ጠባይ የለውም፤ ማን እንደያዘው እርግጠኛ መሆን አይቻልምና።

በቴሌግራም የሚሸጡትን አካውንቶች እንይ። ገዢው ገንዘብ ይልካል፣ ኢሜይልና ፓስዎርድ ይቀበላል፣ ፓስዎርዱን ይቀይራል፣ አለቀ ብሎ ያስባል። ሻጩ ግን አካውንቱ መጀመሪያ የተከፈተበትን ኢሜይል፣ የመጀመሪያውን የግዢ ደረሰኝና የድሮ ፓስዎርዶችን ያውቃል። ከወር በኋላ «አካውንቴ ተሰረቀ» ብሎ ለድጋፍ ክፍሉ ይጽፋል፤ በማስረጃ ረገድ ከገዢው ይበልጣል፣ ይመለስለታል። ገዢው አቤት የሚልበት የለውም፤ የገዛው በተከለከለ መንገድ ነው።

በጓደኛሞች መካከልም የሚበላሸው በተመሳሳይ ቦታ ነው። ሁለት ደረጃ ማረጋገጫው እንዳያስቸግር ተብሎ ይጠፋል፤ ካልጠፋም ኮዱ በቻት ይላካል፤ ቻቱ የተከፈተበት ስልክ የጠፋ ቀን አካውንቱም አብሮ ይሄዳል። አካውንቱ ከጉግል ወይም ከፌስቡክ ጋር የተያያዘ ከሆነ ለጌሙ ብለህ የሰጠኸው ፓስዎርድ ኢሜይልህን ጭምር ይከፍታል። ከአራቱ አንዱ ማጭበርበሪያ ቢጭን ደግሞ እገዳው የሚያርፈው በስሙ ላይ እንጂ በጣቱ ላይ አይደለም። የጌም መሸጫ መድረኩ ስቲም በ2024 ባስጀመረው የቤተሰብ መጋራት እስከ 6 አባል ይፈቅዳል፤ እዚያም ቢሆን የቤተሰብ አባል በአንተ ቅጂ ሲያጭበረብር ከተያዘ አንተም ከዚያ ጌም ትታገዳለህ።

የስቲም ምሳሌ ሌላም ነገር ያሳያል። የሚጋራው ጌሙ ነው፤ እያንዳንዱ አባል የራሱ አካውንትና የራሱ ሴቭ (የደረሰበት የተቀመጠ ጨዋታ) አለው። ወንድምህ በከፈልክበት ጌም ይጫወታል፣ በስምህ ግን አይጫወትም። ንብረትን ማካፈል ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ምን ይጠየቃል?

«ክልከላው ድሃውን ነው የሚጎዳው»

ግማሹን እቀበላለሁ። የዋርክራፍት አምራች ብሊዛርድ በ2014 በጌሙ አንድ ገጸ ባሕርይ በቀጥታ 90ኛ ሌቭል የሚያደርግ አገልግሎት በ60 ዶላር መሸጥ ጀመረ። ኢቭ ኦንላይን የተባለው ጌም ከ2016 ጀምሮ የክህሎት ነጥብ ከአንዱ ገጸ ባሕርይ ተቀድቶ ለሌላው የሚሸጥበትን ገበያ ከፈተ። «ላብህን አፍስስ» እያሉ አቋራጭ የሚሸጡ ኩባንያዎች ስለ ፍትሕ ሲሰብኩ መስማት ያሳቅቃል፤ ጸሐፊው እዚህ ላይ የበለጠ ቢያጠነክሩትም አልቃወምም ነበር። ይሁንና ኩባንያው ግብዝ መሆኑ 501ኛውን ልጅ አይክሰውም።

የአንድ ስልክ ጉዳይ ደግሞ መጋራትን አያስገድድም። አንድ ስልክ ላይ ሁለት አካውንት ይኖራል፦ ከሴቲንግ ሎግ አውት ማድረግ፣ በሌላው ኢሜይል መግባት። ጥንቃቄ የሚፈልገው በእንግዳነት የተከፈተ አካውንት ነው፤ የተያያዘው ከስልኩ ጋር ስለሆነ ስልኩ ሪሴት ሲደረግ ሊጠፋ ይችላል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ከኢሜይል ጋር ማያያዝ ነው። ወንድማማቾቹ ሰዓቱን ይካፈላሉ፣ ደረጃቸው ለየራሳቸው ይሆናል። አዎ፣ ሁለቱም ዝቅ ያለ ሌቭል ይኖራቸዋል። የተጫወቱት ያን ያህል ነዋ!

በፈረቃ መጫወት የሚጠቅመውስ ማንን ነው? ብዙ ጓደኛ፣ ብዙ ዳታ ወይም ቡስተር (በክፍያ የሌላውን ራንክ የሚያሳድግ ሰው) የሚቀጥርበት ዶላር ያለውን ነው። ማታ ሁለት ሰዓት በሞባይል ዳታ የሚጫወተው ልጅ ከዚህ ገበያ የሚያገኘው ተጨማሪ ተፎካካሪ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን ጸሐፊው ሊሉት ሲገባ አላሉትም፣ እኔ ልጨምርላቸው። የሞባይል ኔትወርኮች ብዙ ደንበኞችን በአንድ የአይፒ አድራሻ ወደ ኢንተርኔት ያወጣሉ። ጌም ቤት ውስጥም አሥር ልጅ በአንድ መስመር ይገባል። ቪፒኤን የከፈተ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት አህጉር ላይ የታየ ይመስላል። አይፒን ብቻ አይቶ «አካውንት ተጋርታችኋል» ብሎ የሚያግድ ሥርዓት የእኛን ዓይነት ተጫዋች በከንቱ ይቀጣል። የመሣሪያው መለያ፣ አካውንቱ ያለ ዕረፍት የቆየበት ሰዓትና የአጨዋወቱ ድንገተኛ ለውጥ አንድ ላይ ሲታዩ ነው ማስረጃ የሚሆኑት።

«የሰዓት ገደብ ተሞክሮ ወድቋል»

በ2010 በወጣው የመጀመሪያው ፋይናል ፋንታሲ 14 ጌም ላይ የሚያነሱት ትክክል ነው። በሳምንት ለአንድ ሙያ ለ8 ሰዓት ያህል ሙሉ ኤክስፒ ይሰጥ ነበር፤ በቀጣዮቹ 7 ሰዓታት እየቀነሰ ሄዶ ዜሮ ይገባል። ተጫዋቾች ጠሉት፣ ቀረም። የቻይናውን ግን ጸሐፊው አልጠቀሱትም፤ እሱ ይበልጥ ይጠቅማቸው ነበር። በ2007 በወጣው ደንብ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ተጫዋቾች እስከ 3 ሰዓት ሙሉ፣ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ግማሽ፣ ከዚያ በኋላ ምንም እንዳያገኙ ተደረገ። ልጆቹ በአዋቂ መታወቂያ ገቡ። ገደቡ በ2021 በሳምንት ወደ 3 ሰዓት ሲጠብቅ ደግሞ አካውንት የሚያከራዩ መድረኮች ጉዳይ ጎልቶ ወጣ፤ የቻይናው የጌም ኩባንያ ቴንሰንት ከ20 በሚበልጡ እንዲህ ባሉ መድረኮች ላይ ክስና ማስጠንቀቂያ አቀረበ።

ከዚህ ተነስተው «ገደብ አይሠራም» ማለታቸው ግን ያልወደቁትን መዝለል ነው። ወርልድ ኦቭ ዋርክራፍት በሙከራው ዘመን ብዙ የተጫወተን ሰው ኤክስፒ ወደ 50 በመቶ ያወርድ ነበር፤ ሰው ሁሉ አጉረመረመ። ብሊዛርድ ቁጥሮቹን በእጥፍ አሳድጎ ስሙን ገለበጠው፦ ያረፈ ሰው 200 በመቶ ያገኛል፣ የደከመው ወደ 100 ይመለሳል። ጥምርታው ያው ነው፤ ቅሬታው ጠፋ። በእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ወጥቶ የቆየ ገጸ ባሕርይ በየ8 ሰዓቱ የሌቭሉን 5 በመቶ የሚያህል የዕረፍት ጉርሻ ያጠራቅማል፣ እስከ አንድ ሌቭል ተኩል፤ ለመሙላት 10 ቀን ይወስዳል። በፈረቃ የሚጫወቱ አራት ሰዎች ይህን ጉርሻ መቼም አያገኙትም፤ አካውንቱ አያርፍም።

ኢቭ ኦንላይን በሌላ በኩል መጣ። ክህሎት የሚያድገው ተጫዋቹ ቢገባም ባይገባም በእውነተኛ ሰዓት ነው። ቀድሞ ግን ተራ ማስያዣ ስላልነበረ ክህሎቱ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ካለቀ ተነስቶ ሌላ ማስጀመር ወይም ፓስዎርዱን ለሚነቃ ጓደኛ መስጠት ነበር። በመጋቢት 2009 የ24 ሰዓት ተራ ማስያዣ ገባ፤ ለዚያ ዓይነቱ መጋራት የነበረው ምክንያትም ማንንም ሳያግዱ ቀረ።

ዋርክራፍትም ያንን የክብር ጨረታ በ2023 ከክላሲክ ኢራ ሰርቨሮች አንስቶታል፤ ማዕረጉ አሁን የሚወሰነው ከሌላው ጋር በመፎካከር ሳይሆን በየሳምንቱ በተቀመጠ የክብር መጠን ነው። የሳምንቱን መጠን የሞላ ሰው ሁለተኛ ሰው ቀጥሮ የሚጨምረው ነገር የለም። የሚቀረው ቀዳዳ አንድ ሰው ብዙ አካውንት ከፍቶ የየራሳቸውን ገደብ እየሞላ ወደ አንዱ ሲያስተላልፍ ነው። ለዚያ መድኃኒቱ በገደብ የሚገኘው ሽልማት ከአካውንት ወደ አካውንት የማይተላለፍ እንዲሆን ማድረግ ነው፤ የዋርክራፍት ማዕረግ እንዲያ ነው፣ የኢቭ የክህሎት ነጥብ ግን ከ2016 ወዲህ ይሸጣል።